ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የዘፈን ሽፋን አነባበብና ገላጭ ድርሰት

ተማሪዎች፣ ባለፈው ምዕራፍ ስለ ገላጭ ድርሰት ጠባይ ተምራችኋል፤ ሰውን፣ ቤትንና ገበያን በቃላት ሥላችኋል። በዚህ ምዕራፍ የምትገልጹት አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የዘፈን ሸክላ፣ ካሴት ወይም ሲዲ የሚለብሰው ሽፋን ነው። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም ሥዕልና ጽሑፍ በአንድነት ስላሉበት ዐይንንም ሰዋስውንም ያሠራል። በቤታችሁ አሮጌ ካሴት ካለ ፈልጋችሁ፣ ከሌለም ከጎረቤት ተውሳችሁ ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ። በቦንጋ ከተማም ሆነ በጊምቦና በዴቻ ወረዳዎች ማጫወቻው ከተበላሸ በኋላ እንኳ ካሴቱን በሣጥን ያኖረ ቤተ ሰብ አይጠፋም።

ሀ. ንባብ

ከዚህ በታች ያለውን ንባብ በጥሞና አንብቡ።

በመጀመሪያው ዘመን ሸክላ ሽፋን አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሸክላ በአብዛኛው ተራ ወረቀት የለበሰ ነበር። ወረቀቱ መካከሉ ላይ በክብ ይበሳና በሸክላው እምብርት ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በቀዳዳው በኩል ይነበባል። ገዢው የሚያየው ስም ነው፤ መልክ የለም። በኋላ፣ አንዱ ረጅም ሥራ ለአንድ ሸክላ አልበቃ ሲል፣ ብዙ ሸክላዎች እንደ ፎቶግራፍ ማኖሪያ ደብተር በተጠረዘ ማኅደር ውስጥ ይቀመጡ ጀመር። ዛሬ «አልበም» የምንለው ስም የመጣው ከዚሁ ማኅደር ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ኮሎምቢያ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ ሥዕል ያለበት ሽፋን ሠራ። ከዚያ ወዲህ ዘፈን በጆሮ ከመሰማቱ በፊት በዐይን መታየት ለመደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴያትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በድፍረት ተነሥተው በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሥራቸው የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የታተመው በሕንድ አገር ነው። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አውጥተዋል። ከእርሳቸው ቀጥሎም «አሊ ታንጎ» በሚለው ስም የሚታወቁት አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ብዙ ሥራ አሳትመዋል። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975፣ የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» በ1977 እ.ኤ.አ. የወጡት በካይፋ ነው።

የነጠላ ሸክላ ወርዱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የረጅሙ ሸክላ ወርድ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሽፋኑ ከዚህ ጥቂት ይበልጣል። ይህን ያህል ስፋት ለሠዓሊና ለፎቶግራፍ አንሺ የተመቸ ሜዳ ነው፤ ባንዱን በሙሉ ከነመሣሪያው ማሳየት፣ የልብሱን ጥልፍ ሳይቀር ማስለየት ይቻላል። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካሴት ግን ሣጥኑ ቁመቱ 11፣ ወርዱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአገራችን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲተካ ሽፋኑ ጠበበ፤ ሲጠብም ሥዕሉ ተለወጠ። ስምንት ሰው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ቢታተም የማንም ፊት አይለይም። ስለዚህ ባንዱ ወጥቶ ድምፃዊው ብቻ ቀረ፤ ቁመናው ተቆርጦ ፊቱና ትከሻው ቀረ። አሁን ዘፈን በስልክ ሲደመጥ ሽፋኑ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥምና፣ ያ ፊት ራሱ እንኳ በጭንቅ ይለያል።

እንግዲህ የፊት ሽፋን ልማዱ ምንድን ነው? በመካከል የድምፃዊው ምስል ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ተመልካቹ ያያል፣ አንዳንዴም አገጩን በእጁ ደግፎ ወደ ሩቅ ይመለከታል። ከምስሉ በላይ ወይም በታች ስሙ በትልቁ፣ ከስሙ ቀጥሎ የሥራው አርእስት፣ ከግርጌ በትንሹ የአሳታሚው ሙዚቃ ቤት ስም ይጻፋል። ልብሱም ይናገራል። ሱፍና ክራባት፣ ወይም በሸክላው ዘመን እንደ ነበረው የተንጨፈረረ ጠጉርና ከታች የሰፋ ሱሪ፣ ዘመናዊ ባንድ እንደሚሰማ ያስታውቃል። ጥበብ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ክራር ወይም ማሲንቆ የታየ እንደ ሆነ የባህል ዜማ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ልማድ ነው፤ ሕግ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን አራት ሆነው መንገድ ሲሻገሩ በሚታዩበት ሽፋናቸው ፊት ላይ ስማቸውንም አርእስቱንም አልጻፉም፤ ስማቸውን የማያውቅ ገዢ አይኖርም ተብሎ ታምኗልና። እንዲህ ያለው ድፍረት ለታወቀ ሰው ይሆናል። ለጀማሪ ድምፃዊ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ስምን መደበቅ ደፍቶ መክሰር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ ስላለው የሰው ስም በትልቁ ፊደል ሲጀምር ወዲያው ይታወቃል። የእኛ ፊደል ይህ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ ሽፋን ላይ የስምና የአርእስት ደረጃ የሚለየው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በጥላ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ኮምፒዩተር ሳይስፋፋ የጽሑፍ ሠዓሊው እያንዳንዱን ፊደል በእጁ ይሥል ነበር፤ የ«ሐ»ን እግሮች ሲያስረዝም፣ የ«ዎ»ን ቀለበት ሲያሳምር ከሥዕሉ ያልተናነሰ ይደክም ነበር። አሮጌውን ካሴት ስትመለከቱ ፊደሉን እንደ ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ እንደ ሥዕልም ተመልከቱት።

በካፋ ዞን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ካፊ ኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አንድ የካፋ ድምፃዊ አርእስቱን በሁለቱም ቋንቋ ማስጻፍ ቢፈልግ ሁለቱ ፊደላት በአንድ ጠባብ ሽፋን ላይ ይጋፋሉ። «ቦንጋ» በእኛ ፊደል ሦስት ምልክት ነው፤ በላቲን አምስት ይሆናል። ረዘም ያለውን አጥብቦ መጻፍ ወይስ ፊደሉን ማሳነስ? የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች ይሁን? ጥያቄው የቦታ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚወስነው ዘፈኑ ለማን እንደ ተዘፈነ ነው።

ስም በሽፋን ላይ መጻፉ ምን እንደሚጠቅም አንድ እውነተኛ ታሪክ ያስረዳል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ከተጓዙ በኋላ በዚያው ቀርተው በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንንና ኤሌክትሪክ ኪቦርድን አስተባብረው ለብቻቸው አንድ ካሴት አወጡ። ከጊዜ በኋላም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ስማቸውን ይዞ አፈላልጎ አገኛቸውና ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። ካሴቱ ስም የሌለው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በሆነ ነበርን?

ለ. የሰዋስው ማስታወሻ

የሽፋን ጽሑፍ እጅግ አጭር ስለ ሆነ ከተለመደው የዐረፍተ ነገር ሥርዐት ይወጣል። ከዚህ በታች ያሉትን የታወቁ አርእስቶች መርምሩ።

«ጥቁር ሰው» (2004 ዓ.ም.) ቅጽልና ስም ነው፤ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። «ኢትዮጵያ» (2009 ዓ.ም.) የተጸውዖ ስም ብቻ ነው። «ያስተሰርያል» (1997 ዓ.ም.) አንድ ቃል ቢሆንም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቱ «እርሱ» በግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛልና። ሦስቱም የቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) አልበሞች አርእስት ናቸው። «ቼ በለው» እንስሳ መንጃ በሆነ ቃለ አጋኖና በትእዛዝ አንቀጽ የቆመ ነው። «ኧረ መላ መላ» ደግሞ ከቃለ አጋኖ ቀጥሎ አንድ ስም በድግም የመጣበት ሲሆን፣ «ስጡኝ» ወይም «ፈልጉልኝ» የሚለውን አንቀጽ ሰሚው በልቡ ይሞላዋል።

አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «ኢትዮጵያ።» ብሎ አራት ነጥብ ቢያኖር ዐረፍተ ነገሩ ጎደሎ ነው ተብሎ ይታረማል። በሽፋን ላይ ግን ጎደሎነቱ አይሰማንም። ለምን? አጠገቡ ያለው ምስል የማሰሪያውን አንቀጽ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ከስሙ ጋር የሚያለቅስ ፊት ከታየ አንድ ነገር ተባለ፤ የሚስቅ ፊት ከታየ ሌላ ነገር ተባለ። ስለዚህ ሽፋንን ስትገልጹ ጽሑፉን ከሥዕሉ ነጥላችሁ አትተርጉሙ።

አርእስቱ የሚነገርለት ሰው ሲለወጥ ሐረጉም ይለወጣል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ያሳተሙት አልበም በእንግሊዝኛ የተሰየመው «የኢትዮጵያው ሙላቱ» በሚል ትርጕም ነው። ዘርፉ «የኢትዮጵያው» ሲሆን የተጨመረው ለውጭ አገር ገዢ ነው። ሸክላው ለአዲስ አበባ ገበያ ብቻ ቢታሰብ ኖሮ «ሙላቱ» በበቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። «የአልማዝ ዘፈን» የሚለውን ሐረግ አስቡ። «የአልማዝ» ዘርፍ፣ «ዘፈን» ባለዘርፍ ነው። ትርጕሙ ግን ስንት ነው? አልማዝ የዘፈነችው ዘፈን ሊሆን ይችላል፤ አልማዝ የደረሰችው፣ አልማዝ ገንዘብ አውጥታ ያሳተመችው፣ ወይም ስለ አልማዝ የተዘፈነ ሊሆን ይችላል። «የ» አራቱንም ያለ አድልዎ ይሸከማል። በንግግር መካከል ይህ አያስቸግርም፤ ጠይቆ መረዳት ይቻላልና። በካሴት ሽፋን ላይ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ስለዚህ በሽፋኑ ውስጥ ተጣጥፎ በሚገኘው ወረቀት ላይ ሥራው ተለያይቶ ይጻፋል፤ «ግጥም፦ ...»፣ «ዜማ፦ ...»፣ «ቅንብር፦ ...»፣ «አሳታሚ፦ ...»። መስተዋድዶቹንም መለዋወጥ ይረዳል። «በአልማዝ የተደረሰ» ሲል ደራሲዋ ታወቀች፤ «ለአልማዝ የተደረሰ» ሲል ሌላ ሰው ደርሶላታል፤ «ስለ አልማዝ የተደረሰ» ሲል እርሷ የዘፈኑ ጉዳይ ሆነች። በ«በ» እና በ«ለ» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው፤ የሚያስከትለው ግን የሰው እንጀራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ፣ ለከዋኝና ለአሳታሚ የተለያየ መብት ስለ ሰጠ፣ ማን ምን እንደ ሠራ በትክክል መጻፉ ከአጻጻፍ ጥራት ያለፈ ጉዳይ ሆኗል። የቤዝ ጊታር ተጫዋቹና ከበሮ መቺው ስማቸው በዚያች ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ሌላ የሚሰፍርበት ቦታ የላቸውም።

«ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ጽሑፍም ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። ደራሲው ሳይታወቅ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ለኖረ ዘፈን ይህ አነጋገር ትክክል ነው። ቢሆንም ጎደሎ ነው፤ የየትኛው ሕዝብ? ከካፋ አዛውንት የተሰማ ዜማ «የካፋ ሕዝብ» ቢባል፣ የተሰማበት ወረዳም ቢጨመር፣ ሽፋኑ ላይ የሚወስደው ቦታ ሁለት ቃል ነው።

ሐ. አጻጻፍ

ሽፋንን መግለጽ ከሁሉ አስቀድሞ ያዩትን ካልታየው መለየትን ይጠይቃል። በክፍላችን ይህን ሥራ ስንሰጥ ከዐሥር ተማሪ ሰባቱ ድርሰቱን «ሽፋኑ በጣም ያምራል» ብሎ ይጀምራል። አንባቢ ግን ሽፋኑን አላየውም፤ ማማሩን በምን ያውቃል? ከዚህ ቀጥሎ ስለ አንድ ሽፋን የተጻፉ ሁለት አንቀጾች ታገኛላችሁ። ሽፋኑ ለዚህ ትምህርት ሲባል በሐሳብ የተፈጠረ ነው።

አንቀጽ አንድ፦ «ሽፋኑ በጣም ያምራል። አንድ ደስተኛ ድምፃዊ ይታያል። አካባቢውን የሚወድ ሰው ነው። ከኋላው ቆንጆ ተፈጥሮ አለ። ጽሑፉም የሚማርክ ስለ ሆነ ማንም ሰው አይቶ አያልፈውም።»

አንቀጽ ሁለት፦ «ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት በቡና ዛፍ ሥር ቆሟል። ቀኝ እጁ ግንዱን ይዟል፤ ግራ እጁ በኪሱ ነው። ወደ እኛ አያይም፤ ከሽፋኑ ውጪ በስተ ቀኝ ያለ አንድ ነገር ይመለከታል። ከእግሩ አጠገብ አምስት አውታር ያለው ክራር ተጋድሟል። ስሙ ከራሱ በላይ በቢጫ፣ አርእስቱ ከእግሩ በታች በቀይ ተጽፏል፤ ቀዩ ጽሑፍ ከጥቁሩ አፈር ጋር ስለሚዋሐድ ለማንበብ ያስቸግራል። ከራሱ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ቀይ ፍሬ ተሸክሟል፤ በዚያው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጭ አበባ ተከፍቷል።»

ሁለተኛው አንቀጽ «ያምራል» የሚል ቃል የለበትም። ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ የሚል አንድ ጥብቅ መንገድ ባይከተልም፣ ከሰውየው ጀምሮ ወደ ዕቃው፣ ከዕቃው ወደ ጽሑፉ ይሄዳል። ወጣቱ ደስተኛ ነው ወይም አዝኗል አላለም፤ ወዴት እንደሚያይ ነግሮ ለአንባቢው ትቶታል። ስለ ቀዩ ጽሑፍ የሰጠው አስተያየት ግን ፍርድ ነው፤ ምክንያቱን አብሮ ስለ ተናገረ ተቀባይነት አለው።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የተለየ ነገር ይዟል። የካፋ ልጅ ሲያነበው ቆም ይላል። ቡና በአገራችሁ አዘውትሮ የሚያብበው የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ ነው፤ ፍሬው ቀልቶ የሚለቀመው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ታዲያ የበሰለው ፍሬና የፈነዳው አበባ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እንዴት ተገናኙ? ምናልባት ሽፋኑን ያሰናዳው ሰው ሁለት ፎቶግራፎችን ገጣጥሟል፤ ምናልባትም ቡናን ከስኒ በቀር አያውቀውም። ገላጩ ይህን ሁሉ አልተናገረም፤ ያየውን ብቻ አስፍሮ ሥራውን ለሚያውቅ አንባቢ ሰጠ። ከተማ ያደገ ተማሪ ያንኑ ሽፋን ሲገልጽ «ቅርንጫፍ አለ» ብሎ ባለፈ ነበር። በዚህ ሥራ እናንተ ከማንም ትበልጣላችሁ፤ ዛፉን በየዕለቱ ታዩታላችሁና።

ስለ ቡና ከተነሣ አይቀር አንድ ምክር እንጨምር። ለካፋ ድምፃዊ ሽፋን አስቡ ስትባሉ መጀመሪያ ወደ ልባችሁ የሚመጣው ጀበናና ስኒ ይሆናል። ቀጥሎ ፏፏቴ፣ ቀጥሎ በቦንጋ አቅራቢያ ያለው «የእግዜር ድልድይ» ይመጣል። ሁሉም የአገሩ እውነተኛ መልክ ነው፤ የካፋ ደን ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን ዘፈኑ ስለ እናት ሞት ከሆነ ፏፏቴው ምን ይሠራል? ምስሉ የማሰሪያ አንቀጽ ሥራ ይሠራል ብለን አልነበረምን? እንግዲያው አስቀድማችሁ ዘፈኑን ስሙ፤ ምስሉን ከዚያ ፈልጉ። የእንሰት ቅጠል፣ በጠዋት ጉም ውስጥ የሚታይ የአንድ ቤት ጢስ፣ በዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ፣ እናቲቱ የተወችው ባዶ በርጩማ ይበቃ ይሆናል።

መ. መልመጃ

1. ያመጣችሁትን ሽፋን ዘርግታችሁ፣ ፊቱን ብቻ ከሁለት መቶ ባልበለጡ ቃላት ግለጹ። «ያምራል»፣ «ማራኪ»፣ «ድንቅ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ከዚያ ሽፋኑን ደብቃችሁ ድርሰታችሁን ለጎረቤታችሁ ተማሪ ስጡት፤ እርሱም ባነበበው መሠረት ሽፋኑን በእርሳስ ይሣል። ሥዕሉ ከሽፋኑ የተለየበትን ቦታ ፈልጋችሁ፣ ስሕተቱ የሣዩ ይሁን የጸሐፊው ተወያዩ።

2. ከሽፋኑ ላይ ማሰሪያ አንቀጽ የሌላቸውን ሐረጎች አውጡና ሙሉ ዐረፍተ ነገር አድርጓቸው። አንድ ሐረግ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ የሚሞላ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ።

3. «የጋሽ ወልዴ ዜማ» የሚለውን ሐረግ «በ»፣ «ለ» እና «ስለ» በሚሉት መስተዋድዶች እየለዋወጣችሁ፣ ትርጕሙ እንዴት እንደሚለያይ በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

4. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካሉ አዛውንት አንዱን በአክብሮት ጠይቃችሁ፣ ካሴት ላይ ገብቶ የማያውቅ አንድ ዘፈን አስዘፍኑ። ከማን እንደ ተማሩት፣ በምን ጊዜ እንደሚዘፈን፣ በየትኛው ወረዳ እንደ ሰሙት ጻፉ። ከዚህ ተነሥታችሁ ለዘፈኑ የሚሆን የሽፋን ወረቀት 11 በ7 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አሰናዱ፤ በፊቱ ምስሉንና አርእስቱን፣ በውስጡ የባለ ሥራዎቹን ስም ከነድርሻቸው አስፍሩ። አርእስቱን በካፊ ኖኖም የምትጽፉ ከሆነ፣ የትኛውን ፊደል ከላይ እንዳደረጋችሁና ለምን እንደ መረጣችሁ በጀርባው ላይ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።